ዝናብ ሲመጣ የሚቆጣው ጃርት

ድምፅ ተሰጠ። ጉጉት ወደቀ፣ ቀበሮም በሁለት ድምፅ ተበለጠ፤
የትምህርት ቤቱ ምልክት እንዲሆን «ኢግል» ተመረጠ።
ምዕራፍ ልጄ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ፣ በር ላይ እንደቆመች፣
«ሠዓሊ አባት አለኝ፣ እሱ ይሥለዋል ብያቸዋለሁ» አለች።

ሠዓሊ!
እኔ የኤርፉርትን ደረጃና ኮሪደር ነጭ የምቀባ፣
አሥራ አንድ ዓመት ነጭ በነጭ ላይ ደርቤ ቤቴ የምገባ።
ግን ልጅ በአባቷ ስም የማለችውን ማን ደፍሮ ይሽራል?
መዝገበ ቃላት ገለጥኩ፤ «ኢግል፦ ጃርት» ይላል።

ጃርትማ አውቃለሁ።
ድንች ማሳ ገብቶ ሌሊቱን ሙሉ ሲቆፍር የሚያድር፣
ሲነኩት እንደ ደረቅ ሸንበቆ የሚንኳኳ፣ በቂጡ የሚዋጋ ወታደር፤
አክስቴ ጸጉር ስትሠራ መስመር የምታወጣበት ወስፌ
ከሱ ጀርባ የወደቀ ነው፤ ስንቴ ይዤው ሮጫለሁ በአፌ።

ከምዕራፍ የሒሳብ ደብተር አንድ ገጽ ገነጠልኩ፤
አንዷን ካሬ አርባ ሴንቲ ሜትር ናት ብዬ ቆጠርኩ።
ችግሩ የጋዝ ሳጥኑ ነው፤ ልክ ሆዱ ላይ ይውላል፣
የግቢው ኃላፊ ክራውዘ «በሩ መከፈት አለበት» ይላል።
የሦስተኛ ክፍሉ ኤምሬ እርሳሱን እያኘከ አሰበበት፤
«ቦርሳ ይሁንለት!» አለ፣ «ምሳውን የሚይዝበት።»

ቅዳሜ መሰላል ቆመ። ጠመኔ የተቀባ ሲባጎ ወጠርን፤
ምዕራፍ ከታች፣ እኔ ከላይ፤ ጧ! ሲል መስመር ሆኖ ቀረልን።
እሾሁን ጀመርኩ፣ አንድ በአንድ፣
ጥቁርና ነጭ ቀለበት ያለው፣ እያንዳንዱ ሁለት ክንድ።
የጣሪያው ክፈፍ ደረሰ፤ መስኮቱንም አልፎ ሄደ፤
ነጭ ብቻ የለመደ እጄ ያን ዕለት አበደ።

ሰኞ ጠዋት ልጆቹ ወጥተው አዩት። ዝም አሉ። ከዚያ ሳቁ።
«ይሄ ኢግል አይደለም!»
መምህራኑም ከንፈራቸውን ነክሰው ሳቃቸውን አመቁ።
ርዕሰ መምህሯ «በጣም ያምራል፣ ግን…» አሉ በለሰለሰ ቃል፤
እኔም ብሩሼን ቆርቆሮው ውስጥ ነከርኩ፣ የሰማሁ እንዳልመስል።
ምዕራፍ ኮፍያዋን እስከ ቅንድቧ ስባ፣ ከብስክሌቶቹ ጎን፣
የማታውቀኝ መስላ ቆመች። አልፈረድኩባትም እሷን።

ማታ ክራውዘ የእጅ ባትሪ ይዞ «ና» አለኝ፣ ከመጋዘኑ ጀርባ፤
ሳይጠርገው የከረመ ቅጠል ተከምሯል፣ ሻጋታ የገባ።
ቅጠሉ ተነቃነቀ።
ወጣች። ቡጢ የምታክል። አፍንጫዋ እርጥብ፣ እግሯ አጭር፣
መነጽሯ እንደጠፋባት አሮጊት መሬቱን እያነፈነፈች ስትዞር።
እሾሁ? የጥርስ ብሩሽ!
«ኢግል» አለ ክራውዘ በሹክሹክታ።
ሁለት እንስሳ በአንድ ስም የሚጠራ አማርኛዬ ጉድ ሠራኝ፤
ግንቡን ተደግፌ ስስቅ፣ ክራውዘ ባትሪውን ፊቴ ላይ አብርቶ አየኝ።

በማግስቱ ነጭ ቀባሁ። እሱን እንኳ አውቅበታለሁ።
እሾሁን አንድ በአንድ ደመሰስኩ፤ አጭር፣ ቡናማ፣ ደቃቅ ተካሁ።
ቀለሙ ትምህርት ቤቱ የገዛው ነው፣ ርካሽ፤ አንድ እጅ በቃ።
የጋዝ ሳጥኑ ቀይ ቦርሳ ሆነ፤ ኤምሬ ቁልፍ ሣለለት እንደ ጨረቃ።

ሐሙስ ዘነበ።
ግድግዳው ሲረጥብ ነጩ ቀለም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳሳ፤
ከሥሩ ያ የቀበርኩት እሾህ፣ ጥቁርና ነጩ፣ ብድግ ብሎ ተነሣ።
ሲደርቅ ደግሞ የለም።

ልጆቹ አሁን ደመና ሲያዩ ወደ መስኮት ይሮጣሉ፤
«ዛሬ ተቆጥቷል» ይባባላሉ።
ሊኔያ የምትባል የአንደኛ ክፍል ልጅ ብቻዋን በዚያ አታልፍም፤
ምዕራፍ እጇን ይዛ ታሳልፋታለች፤ ኮፍያ አታደርግም፣ በዝናብም።

ክራውዘ ትናንት መጣ። «ሁለተኛ እጅ ቢደረብበት ይሸፍነዋል፣ አይደል?» አለኝ።
መኪናዬ ውስጥ ሁለት ሙሉ ቆርቆሮ ነበረኝ።
«ነጭ አልቋል» አልኩት።
አንጋጦ ደመናውን አየ።
«እንግዲህ፣ አልቋል ካልክ» አለ።